ቆሮሶ ይዤ ጉለሌ ሽቅብ

አዲስ አበባ ሄጄ መጣሁ ስል የሰፈሬ ሴቶች ስለ ፎቅና ስለ መብራት እንዳወራላቸው ይጠብቃሉ። እኔ የሄድኩት ጉለሌ ነው። ጉለሌ ማለት ከተማዋ ወደ እንጦጦ መውጣት ጀምራ ትንፋሽ ሲያጥራት መንገድ ላይ ቁጭ ያለችበት ቦታ ነው። እኛም ሐዋሳ ታቦር ተራራ አለን፤ የፈለገ ይወጣዋል፣ ያልፈለገ ሜዳው ላይ ይኖራል። ጉለሌ ግን ዳቦ ለመግዛትም ተራራ ይወጣል፣ ቆሻሻ ለመድፋትም ተራራ ይወረዳል። ይህን የምጽፈው እየመጣ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛብኝ ነው። አንዴ አንብባችሁ ተገላገሉኝ፤ እዚያ ድረስ መሄድም አያስፈልጋችሁም።

የሄድኩት ለታናሽ እህቴ ለወይንሸት ባል ስል ነው። ጋሽ መኩሪያ ይባላሉ። ሽሮ ሜዳ የጋቢና የነጠላ ሱቅ አላቸው፣ ቤታቸው ቀጨኔ ነው። ባለፈው ክረምት ታመው ባንኮክ ድረስ ሄደው ጨጓራቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው መጡ። ሐኪሞቹ የእኛ ሥራ አልቋል፣ የቀረው መብላት ነው ብለው ሸኟቸው። እሳቸው ግን አልበሉም። ምሳ ሁለት ጉርሻ፣ እራት ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ ሳህኑን ገፋ ማድረግ ነው። ሱቁ እንደተዘጋ ነው። አንድ ቀን ወይንሸት በስልክ ስለ ሌላ ነገር እያወራችኝ፣ በመሃል ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ እንደበሳች ነገረችኝ። እንደ ዋዛ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የጀመርኩት ሥራ አልያዝ አለኝ።

ባንኮክ እያሉ አንድ ነገር ይበሉ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ አንዲት ሴትዮ በጋሪ ላይ አሳ ፈጭታ፣ አድቦልቡላ፣ በዘይት ጠብሳ ትሸጣለች። እሱን በጣፋጭ ማጥቀሻ እያጠቀሱ ሲበሉ ወይንሸት በዓይኗ አይታለች። የገና ጾም ከገባ በኋላ አንድ ቀን ሳህናቸውን እየገፉ፣ የዚያች ሴትዮ አሳ ቢሆን ኖሮ አሉ። ይችን ብቻ። ወይንሸት በማግስቱ ሮጣ ከአዲስ አበባ ፍሪዘር አሳ ገዛች፣ ሠራችው፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ተበተነ። ቢበተን ምን ይገርማል። እዚያ ፍሪዘር ውስጥ የተኛ አሳ ሐይቅ ውስጥ ከኖረበት ይልቅ በረዶ ውስጥ የኖረበት ዘመን ይበልጣል።

ልጇ ሳምራዊት አሠራሩን ከስልክ አውጥታ ላከችልኝ። የታይላንድ የአሳ ኬክ ይላል። ኬክ ሲባል ክሬም የተቀባ ነገር መስሎኝ ትንሽ ደነገጥኩ። ከዚያ አነበብኩትና በጣም ናቅኩት። አሳውን ከአጥንቱ ትለዪዋለሽ፣ ትፈጪዋለሽ፣ ከዚያ መልሰሽ ቅርፅ ትሰጪዋለሽ። ጌታ አሳን ሲሠራ ቅርፁን ጨርሶ የሠራው ይመስለኝ ነበር። እኛ ሐዋሳ የምናውቀው ወይ ትጠብሺዋለሽ፣ ወይ ጥሬውን ከትፈሽ በዳጣ ትበዪዋለሽ፤ በቃ። ለማንኛውም አሳ ይዤ እመጣለሁ አልኳት።

ለማታውቁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔና ወይንሸት ያደግነው ጴንጤ ቤት ነው። እሷ ጋሽ መኩሪያን ስታገባ ወደ ባሏ ሃይማኖት ገባች፣ ትጾማለች፣ ታስቀድሳለች። እኔ አልጾምም። ጋሽ መኩሪያ ደግሞ ለጾማቸው የማይመለሱ ሰው ናቸው። የንስሐ አባታቸው ታመሃልና ተው ቢሏቸው አልተውም ብለው፣ በስንት ልመና እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ለመጾም ተስማሙ። የገና ጾም ላይ አሳ ይበላሉ፤ አንዳንዱ አይበላም፣ እሳቸው ይበላሉ። ግን ቅርፊት የሌለውን አይነኩም። ስለዚህ አምባዛን ተውኩትና ባለ ቅርፊቱን ቆሮሶ ልይዝ ወሰንኩ።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። ወረድኩ ስል ሜዳ ላይ ተራመድኩ ማለቴ ነው፤ እኛ አገር መውረድ እንደዚያ ነው። ደንበኛዬ ገና ከጀልባ የወጣ ቆሮሶ መርጦ፣ ቅርፊቱን ገፎ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቶ ሰጠኝ። ምን ልታደርጊው ነው አለኝ። ልፈጨው ነው ስለው ቢላዋውን አስቀምጦ አየኝ። ያም ሆኖ በረዶ ከሥርም ከላይም አድርጎ ነጭ የፎም ሣጥን ውስጥ አሸገልኝ፣ ሣጥኑንም መልሽልኝ ብሎ አደራ አለኝ።

በሌላው እጄ አንድ ቅርጫት የሐበሻ እንቁላል በጭድ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ለእህቴ ሁልጊዜ የምወስድላት ይህንን ነው። የጾም ወቅት መሆኑ ትዝ ያለኝ አውቶቡሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ምን ላድርግ፣ አቅፌው ተቀመጥኩ።

ረዳቱ ሣጥኑን ጣሪያ ላይ ልስቀለው አለ፤ እኔ ፀሐይ ይመታዋል አልኩ። ተከራክረን አሸንፌ ወንበሬ ሥር አደረግኩት። ያሸነፍኩት እስከ ሻሸመኔ ነው። ከሻሸመኔ በኋላ በረዶው መሟሟት ጀመረ፣ ውኃው በወንበሩ ሥር ተሳበና ፊት ለፊቴ ወደተቀመጠው ሰውዬ ሄደ። ሰውዬው ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ጫማው እንደ መስታወት ያበራል። መጀመሪያ አሸተተ፣ ቀጥሎ ወደ ታች አየ፣ ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። ሁለት እግሩን አንስቶ ወንበሩ ላይ አጣጥፎ፣ እንደ ሕፃን ተቀምጦ ሞጆ ድረስ ሄደ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ፣ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት፣ ዕቃዋን ከፌስታሎቿ አውጥታ ጭኗ ላይ ደርድራ ፌስታሎቹን ሣጥኑ ሥር አነጠፈችልኝ። የልጇን ፎጣም ጨመረችበት። ፎጣውን ልመልስ ስል፣ አሁን ማን ይነካዋል ብላ ትታልኝ ወረደች። እውነቷን ነው።

ባቱ ስንደርስ መንገድ ዳር አሳ በገመድ ሰክተው ለመኪና ያወዛውዛሉ። ተሳፋሪው በመስኮት እየተንጠራራ ይገዛል። እኔ ፊቴን አዞርኩ። የሐዋሳ ሰው ነኝ፤ ፀሐይ ላይ ሲወዛወዝ የዋለ አሳ አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ።

ቃሊቲ ወርደን ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሻገር ቀረን። ከሐዋሳ ቃሊቲ ከቆየሁት ከቃሊቲ ፒያሳ የቆየሁት የበለጠ መሰለኝ። ከፒያሳ የቀጨኔ ታክሲ ውስጥ ስገባ ረዳቱ ሣጥኑን አሽትቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። አሳ ነው አልኩት። ይሄ አሳ የሞተው ሐይቅ ውስጥ ነው ወይስ ታክሲ ውስጥ ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀብኝ። ሐዋሳ ባጃጅ ውስጥ እንዲህ ያለ አፍ የለም።

ከታክሲ ከወረድኩ በኋላ ያለውን መንገድ መንገድ አልለውም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው። አንድ ጎልማሳ ሣጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ሜዳ የሚሄድ ይመስል ወጣ፤ እኔ እንቁላሌን አቅፌ ከኋላው እቆማለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ እንደገና እቆማለሁ። አሮጊቶች ውኃ ተሸክመው ያልፉኛል። የሰፈሩ ድመት በሙሉ ከኋላዬ ተሰልፎ ነበር። አጀብ ያለኝ መስዬ ነው የገባሁት።

ጋሽ መኩሪያ ሳሎን በጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ትልቅ ሰውዬ ነበሩ፤ ሱቃቸው በር ላይ ሲቆሙ ሱቁ አይታይም ነበር። አሁን ጋቢው ብቻውን የተቀመጠ ይመስላል። ጉልበት ልስም ጎንበስ አልኩ። ሳም አድርገውኝ ሣጥኑን አዩ።

«ለቀብሩ ቀድመሽ መጣሽ?» አሉኝ።

«ለቀብር ቢሆን አሳ አልይዝም ነበር፣ ጋሼ።»

ትንሽ ፈገግ አሉ። ወይንሸት ወደ ጓዳ ገብታ ዓይኗን ጠርጋ ተመለሰች። እንቁላሉን ስታይ ሳቀች፤ ለገና ይሁን ብላ የጓዳው ቁምሳጥን ላይ ሰቀለችው። አሳውን ፍሪጅ ውስጥ ልታስገባ ስትል ደጅ ይደር አልኳት። ጉለሌ ራሱ ፍሪጅ ነው። ሐዋሳ በዚህ ወር ማታ ማታ በነጠላ እንቀመጣለን፤ እዚያ ግን በሁለት ብርድ ልብስና ከሱቁ ባመጡልኝ አዲስ ጋቢ ተጠቅልዬ ጥርሴ ሲጋጭ አደረ። አዲሱን ጋቢ ለእንግዳ ብለው ነው የፈቱት። ሞቃት ነበር አልልም፣ ግን ደግነቱን አልረሳውም።

ረቡዕ

ወይንሸት በጠዋት ለማስቀደስ መድኃኔዓለም ሄደች። ማድ ቤቱ ለእኔና ለሳምራዊት ቀረ። ሳምራዊት ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ግን ሽንኩርት ሳትልጥ በፊት ሽንኩርቱን ፎቶ ታነሳለች። ስልኳን የዘይት ጠርሙስ ላይ አስደግፋ እየቀረፀች፣ ከሌላ ስልክ አሠራሩን ታነብልኛለች።

መጀመሪያ ቀይ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የሎሚ ልጣጭና ጠጅ ሳር አንድ ላይ ይፈጫል። ይሄማ ዳጣ ነው አልኳት። አይደለም አክስቴ፣ ከሪ ፔስት ነው አለችኝ። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ተፈጭቶ ዳጣ ካልሆነ ሐዋሳ ስንበላ የኖርነው ምንድን ነው? ጠጅ ሳሩን ከሱፐርማርኬት በላስቲክ የታሸገ ገዝታ አምጥታለች፣ ደርቆ ገለባ ሆኗል። ጎረቤት ግቢ ለሻይ ብለው የተከሉት አጥር አልፎ ወደ እኛ ያያል። ሄጄ ለመንኩ፤ እቅፍ ሙሉ አጭደው ሰጡኝ፣ ለሆድ ቁርጠት እንደሚሆንም መከሩኝ።

ቀጥሎ ወይንሸት ከባንኮክ ያመጣችውን ጠርሙስ ከፈትን። የአሳ ውኃ ነው፤ አሳን በጨው አስተኝተው ያወጡት። ሲከፈት ሁለታችንም ወደ ኋላ አልን። ሐዋሳ እንዲህ የሚሸት ነገር ብናገኝ ወደ ማዘጋጃ ቤት እንደውላለን፤ እነሱ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው ክዳን ይከድኑበታል። ማጥቀሻው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ስኳርና አቼቶ ይፈላል፣ ቃሪያ ይገባበታል፣ ሲበርድ ኪያርና የተወቀጠ ለውዝ ይነሰነስበታል። እኛ ሰፈር ወጥ ውስጥ ስኳር የምትጨምር ሚስት ብትገኝ ባሏ ሽማግሌ ይሰበስብባት ነበር። ሆኖም ሳልነግራት ሁለቴ ቀመስኩት።

አሳውን በጁስ መፍጫው ፈጨነው። ከዳጣው ጋር ለወስነው፣ ፎሶሊያ በቀጭኑ ከትፈን ጨመርን። እጄ ላይ አልያዝ አለኝ፣ እንደ ራሰ አሸዋ ይፈርሳል። ሳምራዊት ከስልኳ ላይ ቀጣዩን አነበበች፦ እንቁላል አንድ። እኔ ጓዳ ገብቼ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ ከቁምሳጥኑ አንድ እንቁላል አወረድኩና ሰብሬ ጨመርኩ። እሷ ሰበራውን ቀረፀች። ሁለታችንም አላሰብነውም። እኔ እንኳ የማልጾም ሰው ነኝ፤ እሷ ግን በጠዋቱ ሻይዋን ያለ ወተት የጠጣች ልጅ ናት። ሰው ከስልክ ሲያበስል የራሱን ቤት ጾም ይረሳል።

ዘይት ውስጥ ሲገባ ሽታው ቤቱን ሞላው። ያዘ፣ ወርቅ መሰለ። ስድስት ሰዓት ሲሆን በሳህን አድርጌ፣ ማጥቀሻውን በስኒ አድርጌ ሳሎን አቀረብኩ። ጋሽ መኩሪያ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ለረጅም ጊዜ አሸተቱት። እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አውጥተው ታጠቡ። በዚህ መሃል ወይንሸት ከቤተ ክርስቲያን ደረሰች፤ በሩ ላይ ቆማ ባሏ አንዱን አንስተው ማጥቀሻው ውስጥ ሲነክሩ አየች። ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ፣ ፊቷ በሙሉ በርቷል። እንዴት አድርገሽ አያያዝሽው አለችኝ። እኔም በኩራት እንቁላል ነዋ አልኳት።

ወደ ቁምሳጥኑ ቀና ብላ አየች። ከዚያ አፌን በመዳፏ ያዘችው።

«ዝም በይ። ይብላ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዝም ልል ነበር። ጌታ የሰው መጥበሻ ውስጥ እንቁላል አይፈልግም ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ባሏ እንዲተርፉላት የምትፈልግ እህቴ ደግሞ ፊቴ ቆማለች። ግን በበሩ ክፍተት አየኋቸው። ጤናቸው ተወስዷል፣ ሱቃቸው ተዘግቷል፣ ቀበቷቸውን እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚበሳላቸው። በገዛ እጃቸው የሚይዙት የቀረ ነገር ይሄ ጾም ነው። እኔ ደግሞ ሳያውቁ ከእጃቸው ልወስደው ነው። የወይንሸትን እጅ ከአፌ አነሳሁና ወጣሁ።

«ጋሼ፣ አይብሉት። እንቁላል አለበት። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ነበር። አልተቆጡም። ሳህኑ ላይ መልሰው አስቀመጡት፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ጠረጉ፣ እንደገና ውኃ አስመጥተው ታጠቡ። ከዚያ በትራቸውን ይዘው ተነስተው መኝታ ቤት ገቡ። በዚያ ቀን አጥሚትም አልቀመሱ።

ወይንሸት እስከ ማታ አላናገረችኝም። ቤቱ ውስጥ የማይጾም ሰው እኔ ብቻ ስለሆንኩ የተጠበሰው ሁሉ የእኔ ሆነ። ደጅ ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ ብርዱ እየገረፈኝ፣ ድመቶቹ እያዩኝ በላሁት። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ጣፋጭ ነበር።

ሐሙስ

ጠዋት ዕቃዬን ጠቀለልኩ። ወይንሸት ደህና አደርሽ አለችኝ፣ ከዚያ ሌላ ቃል አልጨመረችም። የቀረው አሳ ግን ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ የጉለሌ ብርድ ሐይቅ ውስጥ እንዳለ አድርጎ አቆይቶታል። ለእሱ ብርዱን አመሰግናለሁ፣ ለሌላው አይደለም። ያለ እንቁላል ልሞክር ብዬ ማድ ቤት ገባሁ። ዘይት ውስጥ ተበተነ። ሳምራዊት ዱቄት እንጨምር አለች። ጨመርን፣ ተያያዘ፣ ግን የአሳ ሽታ ያለው ቂጣ ሆነ። ድመቶቹ እንኳ አሽትተው ተዉት።

በሩ ላይ በትር ተሰማ። ጋሽ መኩሪያ በጋቢያቸው ተጠቅልለው ቆመው ያዩናል። ከትናንት ወዲህ ከመኝታ ቤት ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው።

«ምንድን ነው እዚህ የምትገድሉት?»

የአሳ ኬክ እየሠራን እንደሆነ ሳምራዊት ነገረቻቸው። መጥበሻው ውስጥ ያለውን አይተው አፍንጫቸውን ያዙ። ያቺ ሴትዮ እንደዚህ አትሠራም አሉ። እንዴት ነው የምትሠራው አልኳቸው። መጀመሪያ ሊነግሩኝ አልፈለጉም፣ ከዚያ በርጩማ ስቡልኝ አሉ። ተቀመጡ። በየማለዳው የሚቀሰቅሰኝ የእሷ ድምፅ ነበር አሉ፤ ነርሷ እንኳ ሳትመጣ በፊት። መስኮቴ ሥር ሆና አሳውን ታነሳና ሳህኑ ላይ ትመታዋለች፣ ታነሳና ትመታዋለች፣ እንደ ልብስ አጣቢ። አንድ ቀን ወይንሸት በተሽከርካሪ ወንበር ስታወጣኝ ቀርቤ አየኋት፤ ጨው ትበትንበታለች፣ ትመታዋለች፣ መጨረሻ ላይ እንደ ሊጥ ይሳባል። እንቁላል የሚባል ነገር አጠገቧ አላየሁም አሉ።

ይህን ሁሉ ለእኛ ሳይነግሩ የቆዩት ስላልጠየቅናቸው ነው። ሁላችንም ስልኩን ነበር የምንጠይቀው።

ከሣጥኑ ሌላ አሳ አውጥቼ በቢላዋ ጀርባ ፋቅ ፋቅ አድርጌ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አደረግኩ፣ ጨው በተንኩ፣ አንስቼ ወረወርኩት። ጋሽ መኩሪያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንቺ ሐዋሳ ያደግሽ ሴት አይደለሽም እንዴ? አሳ ትፈሪያለሽ?»

ሳህኑን ከእጄ ወስደው ጭናቸው ላይ አደረጉ። አንዴ መቱት፣ ሁለቴ መቱት። የጋቢያቸው ጫፍ አሳው ውስጥ ገባ። ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አጠራቸውና መልሰው ሰጡኝ፤ ግን ከዚያ በኋላ ከበርጩማው አልተነሱም፣ እየሰደቡ ያሠሩናል። ከፍ አድርጊው፤ ክንድሽን ነው ወይስ ጣትሽን የምታንቀሳቅሺው፤ አንቺ ደግሞ ስልኩን ጣይና ነጭ ሽንኩርት ውቀጪ። እኔ ተናድጄ በሙሉ ኃይሌ መታሁት። ወይንሸት ከመኝታ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ባሏ ሲሳደቡ ከሰማች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ እንጃ። ሳትናገር እጅጌዋን ሰብስባ ሳህኑን ተቀበለችኝ።

ተራ በተራ ስንመታው የግቢው በር ተንኳኳ። ጠጅ ሳሩን የሰጡን ጎረቤት ናቸው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። ድምፁ ለረጅም ጊዜ ስለተሰማቸው በቤቱ ውስጥ ሴት የምትመታ መስሏቸው ሊገላግሉ ነው የመጡት። ጋሽ መኩሪያ ከማድ ቤት ሆነው መለሱላቸው።

«የሚመታውስ እኔ ነኝ፤ ሦስት ሴት ተነስቶብኛል።»

ሴትዮዋ ገብተው ሳህኑን አዩ፣ ምንም አልገባቸውም፣ እግዜር ያበርታችሁ ብለው ሄዱ።

በመጨረሻ ተለወጠ። ሲፈርስ የነበረው አሳ ከእጅ ጋር የሚሳብ፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ሆነ። ዳጣውንና ፎሶሊያውን ለወስንበት። ዘይት ውስጥ ሲገባ ሁላችንም ጎንበስ ብለን እናያለን። አልተበተነም። እብጥ አለ፣ ቀላ። አንድ እንቁላል ሳይነካው።

ስድስት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። አቀረብንላቸው። አንዱን አንስተው አገላብጠው አዩት፣ አጠቀሱት፣ ነከሱት፣ አኘኩት። ሦስታችንም አፋቸውን እናያለን። ማጥቀሻው አቼቶ በዝቶበታል አሉ። ኪያሩ ትልልቅ ነው አሉ። ያቺ ሴትዮ ለውዙን ቆልታ ነው የምትወቅጠው፣ የእናንተ ጥሬ ነው አሉ። አንዱን ጨረሱ፣ ሁለተኛውን አጋምሰው አስቀመጡት።

«ይሄ እሱ አይደለም» አሉና ሳህኑን ገፋ አደረጉት።

ወይንሸት ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች፣ እኔም ተከተልኳት። የቀረውን በሳህን ከድና መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችው። አንድና ግማሽ አለችኝ። ከትናንት ወዲያ ሁለት ጉርሻ ነበር አልኳት። ልዩነቱ ምንድን ነው እህቴ አለችኝና እጄን ያዘችው። ከረቡዕ ወዲህ በወጉ ያናገረችኝ ያኔ ነው። አለቀሰች፤ እኔም ስድቤን ሁሉ አጥቼ አብሬያት ቆምኩ።

ዓርብ

የከሰዓቱን መኪና ልይዝ ረፋድ ላይ ተነሳሁ። ጋሽ መኩሪያ ከወንበራቸው ሳይነሱ ተሰናበቱኝ። በሰላም ግቢ፣ ለሐዋሳ ሰዎች አሳ መምታት አስተምሪ አሉኝ። ወይንሸትና ሳምራዊት ዕቃዬን ይዘው ሊሸኙኝ ወጡ። ቁልቁለቱ ከሽቅቡ አይሻልም፤ ጠጠሩ ያንሸራትታል። ታክሲው ጋ ከደረስን በኋላ የደንበኛዬ የፎም ሣጥን ትዝ አለኝ። ማድ ቤቱ በር ላይ ትቼዋለሁ። ሳምራዊት ልሩጥ አለች፣ እኔ ግን እኔው ልሂድ አልኳት፤ የሰው አደራ ነው፣ በዚያ ላይ ያንን ተራራ አንድ ጊዜ ሳልረግመው መሄድ አልፈለግኩም።

እየረገምኩ ወጣሁ። ግቢው ጸጥ ብሏል። ሣጥኑን ላነሳ ወደ ማድ ቤቱ ስጠጋ አጠገቡ ባለው የጓዳው መስኮት ጋሽ መኩሪያን አየሁ።

ብቻቸውን ቆመዋል፤ በትራቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። የተከደነበት ሳህን ተነስቷል። በግራ እጃቸው የትናንቱን ሳህን ይዘዋል፣ በቀኝ እጃቸው የማጥቀሻውን ስኒ። አይበሉም። በተከፈተው በር ወደ ሳሎን ግድግዳ ያያሉ፤ ሰዓቱ ያለው እዚያ ነው። ስድስት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ሳህኑን አሸተቱት፣ እንደገና ሰዓቱን አዩ። አንድ እግራቸውን አንስተው በሌላው ቆሙ፣ መልሰው ቀየሩ። እንደዚያ ሆኖ ምግብ የሚጠብቅ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ።

ሣጥኑ እግሬ ሥር ነው፣ ግን ባነሳው ይንኳኳል። ጥግ ይዤ ቆምኩ። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ በነጠላዬ አልፎ አጥንቴ ውስጥ ይገባል። ታች እህቴ ትጠብቀኛለች፣ የሐዋሳው መኪና እኔን አይጠብቅም። ቆምኩ።

ሰዓቱ ደወለ። ወደ ውስጥ አላየሁም፤ ሰው ሲበላ አይታይም። ድምፁ ግን ይሰማኛል። ሳህኑ ባዶ እስኪሆንና ስኒው በጣት ሲጠረግ እስክሰማ ድረስ እዚያው ነበርኩ። ከዚያ ሣጥኑን ሳልነካ፣ ኮቴዬን አጥፍቼ ቁልቁል ወረድኩ። ወይንሸት ሣጥኑስ አለችኝ። እዚያው ይቀመጥ አልኳት።